ከእሳቱ መልስ፦ የአዳማ የእሳት አደጋ በጎ ፈቃደኞች ደጋግመው የሚጠይቋቸው ጥያቄዎች

አዳማ ላይ እሳት ሲነሳ ብዙ ጊዜ ከቀዩ መኪና ቀድሞ የሚደርሰው ኡኡታ የሰማ ጎረቤት ነው። ባልዲና ጄሪካን ይዞ የሚሮጠው የሰፈር ልጅ፣ ባጃጁን ዳር አስይዞ ቱቦ የሚጎትተው ሹፌር፣ በጅቡቲ መስመር መኪና ሲጋጭ ቃሬዛ የሚይዘው የቀይ መስቀል በጎ ፈቃደኛ፣ ሁሉንም ይህ ገጽ ይመለከታቸዋል። እዚህ የምናወራው ስለ እሳት ማጥፋት አይደለም። እሳቱ ከጠፋ በኋላ ሰውየው ይዞት ወደ ቤቱ ስለሚገባው ነገር ነው። የቸኮለ አንባቢ በቀጥታ «ከመበተናችን በፊት» ወደሚለው ጥያቄ ይለፍ፤ ከሁሉም የሚጠቅመው እሱ ነው።

በጎ ፈቃደኛውም ደመወዝተኛውም ያዩት ያንኑ አደጋ አይደለም እንዴ? ምን ልዩነት አለው?

አደጋው አንድ ነው፤ አመላለሱ ነው የሚለየው። የጣቢያው ሠራተኛ ከእሳት የሚመለሰው ያንኑ ካዩ ባልደረቦቹ ጋር ነው። አብረው ቱቦ ያጥባሉ፣ አብረው ሻይ ይጠጣሉ፣ በማግስቱ ሲገናኙም አንዱ የሌላውን ፊት አይቶ «ምነው?» ይለዋል። በጎ ፈቃደኛው ግን እሳቱ እንደጠፋ ይበተናል። ጠዋት 2 ሰዓት ላይ ሱቁን ይከፍታል፣ ክፍል ይገባል፣ ተሳፋሪ ይጭናል። አጠገቡ ያለው ሰው ሌሊቱን የት እንዳደረ እንኳ አያውቅም።

በዚያ ላይ በጎ ፈቃደኛ የሚያወጣው ብዙ ጊዜ የሚያውቀውን ሰው ነው፦ የዕድሩን አባል፣ አብሮት የተማረውን ልጅ፣ ትናንት ዳቦ የሸጠችለትን ሴት። ሥልጠናው አጭር ስለሆነ «እንዲህ አድርጌ ቢሆን ኖሮ» የሚለው ጸጸት ይበረታበታል። ስሙም የትም አልተጻፈም፤ ልርዳው የሚል ቢመጣ እንኳ የት ያገኘዋል?

ነገሩ የእኛ አገር ብቻ አይደለም። በአሜሪካ ከእሳት አደጋ ተከላካዮች ከግማሽ በላይ የሚሆኑት በጎ ፈቃደኞች ናቸው። በደቡብ አውስትራሊያ እ.ኤ.አ. በፌብሩዋሪ 1983 ከደረሰው ትልቅ የጫካ ቃጠሎ በኋላ አሌክሳንደር ማክፋርሌን የተባለ የአእምሮ ሐኪም በአብዛኛው በጎ ፈቃደኛ የሆኑ 469 እሳት አጥፊዎችን በ4ኛው፣ በ11ኛውና በ29ኛው ወር እየተመላለሰ ጠይቋል። ማን እንደሚታመም ለማወቅ የቃጠሎው ክብደት ብቻውን አልበቃም። በ4ኛው ወር ደህና ከነበሩት መካከልም በኋላ የታመሙ ነበሩ። «ሳምንት ካለፈው ተርፏል» የሚለውን አባባል የማንቀበለው በዚህ ምክንያት ነው።

በመጀመሪያዎቹ ቀናት ምን ቢሰማኝ ነው «ያለ ነው» የሚባለው?

ብዙ ነገር። እንቅልፍ መቆራረጥ፣ ቅዠት፣ በር ሲዘጋ መበርገግ፣ ምግብ አልወርድ ማለት፣ በሆነው ባልሆነው መናደድ፣ ዕንባ ድንገት መምጣት፤ ወይም ጭራሽ ምንም አለመሰማት። የመጨረሻው ሰውን ያስደነግጣል፤ «ልቤ ደነደነ እንዴ?» ያሰኛል። አልደነደነም፣ ለጊዜው ደንዝዞ ነው። በአብዛኛው ሰው ላይ እነዚህ ምልክቶች ከ2 እስከ 4 ሳምንት ባለው ጊዜ እየቀለሉ ይሄዳሉ። ዋናው መታየት ያለበት አቅጣጫው ነው፦ ሦስተኛው ሳምንት ከመጀመሪያው ከቀለለ ነገሩ በደህና መንገድ ላይ ነው።

ስለ ሽታ ግን ለብቻው መናገር ያስፈልጋል፤ ማንም አስቀድሞ አይነግራቸውምና። የተቃጠለ ሰው ሽታ ከሥጋ ጥብስ ሽታ ብዙ አይርቅም። ሰውየው ከአደጋው ቦታ ደህና ሆኖ ይመለሳል። ከ10 ቀን በኋላ በዓል ይደርስና ሥጋው መጥበሻ ላይ ቸስ ሲል አፉ ምራቅ ይሞላል፣ ሆዱ ይገለበጣል፣ ገበታውን ትቶ ይወጣል። ቤተሰቡ ምግቡን የናቀ ይመስለዋል። ሽታ ትዝታንና ፍርሃትን ወደሚይዘው የአንጎል ክፍል የሚደርስበት መንገድ አጭር ስለሆነ ነው ድንገት የሚቀሰቅሰው። ለጥቂት ሳምንታት ጥብሱ ደጅ ይጠበስ፣ እሱም ሽሮውን ይብላ። ከዚያ መጀመሪያ ከሩቅ፣ ቀጥሎ ከበር ላይ፣ ቀጥሎ ከገበታው አጠገብ እያለ ራሱን ያለማምድ። ጨርሶ መሸሽ ፍርሃቱን ያጸናዋል እንጂ አያጠፋውም። የለበሱት ልብስም ሽታውን ይዞ ይቆያል፤ በዚያው ሌሊት በላስቲክ ታስሮ ከመኝታ ክፍል ውጭ ይደር።

ከእሳቱ በኋላ ራሴን አመመኝ፣ አቅለሸለሸኝ፣ ግራ ገባኝ። ድንጋጤ ነው?

ድንጋጤ ከማለትዎ በፊት ጭሱን ይጠርጥሩ። ከቃጠሎ የሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታም ቀለምም የለውም፤ የሚያመጣው ራስ ምታት፣ ማቅለሽለሽ፣ ማዞርና ግራ መጋባት ከድንጋጤ ጋር በጣም ይመሳሰላል። «ደንግጦ ነው፣ ይተኛ» ተብሎ የተኛ ሰው ሳይነሳ ሊቀር ይችላል። ጣት ላይ የሚሰካውን የኦክስጅን መለኪያ እዚህ ላይ አይመኑት። በካርቦን ሞኖክሳይድ የተያዘውን ደም ኦክስጅን እንደያዘ አድርጎ ስለሚያነበው 98 እያሳየ ሰውየው ሊወድቅ ይችላል።

ወደ ንጹሕ አየር ያውጡት፣ 907 ደውለው የቀይ መስቀል አምቡላንስ ይጥሩ ወይም በተገኘው መኪና ሆስፒታል ያድርሱት። ያለ ኦክስጅን መርዙ በደም ውስጥ በግማሽ ለመቀነስ ከ4 እስከ 6 ሰዓት ይፈጃል፤ በጭንብል ንጹሕ ኦክስጅን ሲሰጠው ግን ከአንድ ሰዓት እስከ አንድ ሰዓት ተኩል ይበቃዋል። ግድግዳ ወይም ጣውላ ወድቆበት ጭንቅላቱን የተመታም እንዲሁ ነው። ቅድሚያ አካሉ ይታይ።

ቁስለኛ ሳወጣ ደም ነክቶኛል። ከዚያ ወዲህ እንቅልፍ የለኝም።

ይህ ጭንቀት በአብዛኛው የሚረግበው በምክር ሳይሆን በምርመራ ነው። ደሙ ያልተቆረጠና ያልቆሰለ ቆዳ ላይ ብቻ ከነበረ በሳሙናና በውሃ መታጠብ በቂ ነው። ቁስል፣ ዓይን ወይም አፍ ውስጥ ከገባ፣ ወይም መስታወት ከወጋዎት፣ ቁስሉን በሳሙና ይጠቡት (አይጭመቁት፣ በረኪናም አያፍሱበት)፤ ዓይን ከሆነ በብዙ ንጹሕ ውሃ ያለቅልቁት። ከዚያ ሳይውሉ ሳያድሩ ሆስፒታል ይሂዱ። የኤችአይቪ መከላከያው መድኃኒት መጀመር ያለበት በ72 ሰዓት ውስጥ ነው፤ በመጀመሪያዎቹ ሰዓታት ቢሆን ደግሞ እጅግ ይሻላል። የሚወሰደው ለ28 ቀን ነው። ስለ ጉበት ቫይረስ ቢ ክትባትም እዚያው ይጠይቁ። ያፈሩበትን ነገር ለሦስት ቀን ሆድዎ ውስጥ ይዘው መክረም ግን ይህን ዕድል ያስመልጣል።

ከመበተናችን በፊት ምን እናድርግ?

15 ደቂቃ ይበቃል። ከዚያ በላይ ሰው አይቆምም፤ ደክሟል፣ ቤተሰቡም እየደወለ ነው።

ቃጠሎው ከማይታይበት፣ ካሜራ ካልበዛበት ቦታ ይሰብሰቡ፤ የአንድ ሰው ግቢ ወይም የዕድር ቤት ይሆናል። እጅና ፊት ይታጠብ፣ ውሃ ይጠጣ፣ ሙዝም ይሁን ዳቦ አንድ ነገር ይቀመስ። ሰዉ ሲቀመጥ አስተባባሪው ቆሞ የሚታወቀውን ብቻ ይናገር፦ «አንድ ሰው ሞቷል። ሁለቱ ሆስፒታል ገብተዋል። ቤት ውስጥ የቀረ የለም።» ይህ ለምን ይጠቅማል ቢባል፣ በጎ ፈቃደኛው ያየው አንድ ጥግ ብቻ ነው። ቱቦው ጫፍ ላይ የነበረው ልጅ የሰማው ጩኸት የማን እንደነበረ አያውቅም። ሰው የማያውቀውን ክፍል ሌሊቱን ሙሉ ራሱ ሲሞላው ያድራል፤ የሚሞላው ደግሞ ከእውነቱ በከፋ ነገር ነው።

ቀጥሎ በሁለት ዓረፍተ ነገር ሊመጣ የሚችለውን ይንገራቸው፦ «ለጥቂት ቀን እንቅልፍ እምቢ ሊል፣ ነገሩም ዓይናችሁ ላይ ሊመላለስ ይችላል። ካልቀለላችሁ ለእኔ ወይም ለእገሌ ደውሉ።» ከዚያ ብቻውን የሚኖር ማን እንደሆነ ይጠየቅና አብሮት የሚያድር ወይም የሚሸኘው ሰው ይመደብ። ማንም የሆነውን እንዲተርክ አይጠየቅ። መናገር የፈለገ ግን አይቋረጥ።

የመጨረሻው ደብተሩ ነው። ከዚህ ገጽ አንድ ነገር ብቻ ይዛችሁ የምትሄዱ ከሆነ ደብተሩን ያዙ። ባለ 50 ሉክ ተራ ደብተር ይበቃል። ስም፣ ስልክ፣ የት ቆሞ ምን ሲሠራ እንደነበር፣ የሚያውቀው ተጎጂ መኖር አለመኖሩ፣ ማን እንደሸኘው ይጻፍበታል። ከጎኑ ለሦስት የስልክ ጥሪ ሦስት ባዶ ሳጥን ይሠመር፦ 3ኛ ቀን፣ 1ኛ ሳምንት፣ 1ኛ ወር።

ብዙ ቡድን ደብተሩን የሚያበላሸው በማግስቱ ከትዝታ ስለሚጽፈው ነው። ያኔ የሚረሳው ማን ነው? መጀመሪያ ደርሶ፣ በባዶ እጁ በሩን ሰብሮ፣ መኪናው ሲመጣ ገለል ብሎ የሄደው ሰው። ከሁሉም የከፋውን ያየው እሱ ነው፤ ውሃ ብቻ ስላቀበለ የማይመዘገበው ልጅም እንዲሁ ይረሳል። ስለዚህ እዚያው ቦታ ላይ ይጻፍ። ቁስለኛ ያደረሰው ባለ ባጃጅም ይግባበት። ስሜት ግን ደብተር ላይ አይጻፍም። ሳጥኖቹ ውስጥ የሚገባው «ደህና»፣ «ድጋሚ ይደወል» ወይም «ተልኳል» የሚል ብቻ ነው፤ ደብተር ከእጅ እጅ ይገባልና።

በ3ኛው ቀን ስንደውል ሁሉም «ደህና ነኝ» ይላል። ምን እናድርግ?

«ደህና ነህ?» ካላችሁ ሌላ መልስ አትጠብቁ። አማርኛ ላይ የዚህ ጥያቄ መልስ ገና ሳይጠየቅ የተዘጋጀ ነው፦ «ደህና፣ እግዚአብሔር ይመስገን»፤ ወይም «አልሐምዱሊላህ»። ሰላምታ እንጂ ጥያቄ አይደለም። ሰላምታው ካለቀ በኋላ በቁጥርና በነገር የሚመለስ ነገር ጠይቁ። «ትናንት ስንት ሰዓት ተኛህ? ሌሊት ስንቴ ነቃህ? ምሳ ምን በላህ? ሥራ ገብተሃል? በዚያ መንገድ አልፈህ ታውቃለህ?» «ከ9 ሰዓት ጀምሮ ቁጭ ብዬ አነጋሁ» የሚል መልስ ከ«ደህና ነኝ» ይልቅ ይናገራል።

ጥሪው ከ5 ደቂቃ አይብለጥ። አፋን ኦሮሞ የሚቀለው ሰው በአፋን ኦሮሞ ይደወልለት፤ አዳማ ላይ ይህን የሚችል ሰው አይጠፋም። በስልክ ካልሆነም ቡና ይጠራ፤ ቢሮ ከማስገባት ቡና ላይ መቀመጥ ይሻላል። ቡናው ግን ከቀኑ 10 ሰዓት ባያልፍ፤ እንቅልፍ ያጣ ሰው ነው።

ሁሉንም ሰብስቦ ያየውን አንድ በአንድ ማስተረክ አይጠቅምም? ሆድ ውስጥ ከሚቀር መውጣቱ ይሻላል ይባላል።

ይባላል፤ ለዓመታትም በብዙ አገር ሲሠራበት ኖሯል። ጄፍሪ ሚቸል የተባለ አሜሪካዊ፣ ራሱም ቀድሞ በእሳት አደጋና በአምቡላንስ ሥራ ላይ የነበረ፣ እ.ኤ.አ. በ1983 ለነፍስ አድን ሠራተኞች ደረጃ በደረጃ የሚካሄድ የቡድን ውይይት አስተዋወቀ። አሳቡ ቅን ነበር። ችግሩ የመጣው ዘዴው ለሁሉም፣ አንድ ጊዜ ብቻ፣ በግዴታ ሲሰጥ ነው። ጥናቶቹ ተሰብስበው ሲገመገሙ እንዲህ ያለው የአንድ ጊዜ ማስተረክ ፒቲኤስዲ የሚባለውን፣ ከአሰቃቂ ነገር በኋላ የሚመጣውን የአእምሮ ሕመም እንደማይከላከል ታየ፤ አንዳንዱን እንደውም የባሰ ሳያደርገው አልቀረም። የዓለም ጤና ድርጅትም በዚህ መንገድ እንዳይሠራ ይመክራል።

የሚጎዳበት ምክንያት ግልጽ ነው። ደጅ ቆሞ ውሃ ሲያቀብል የነበረው ልጅ ውስጥ የገባው ሰው ያየውን ከነዝርዝሩ ይሰማል፤ ያላየውን ይዞ ወደ ቤቱ ይሄዳል። ገና ያልተረጋጋውም ሰው በሰው ፊት ሲያለቅስ ያፍርና ከዚያ በኋላ ለማንም አይናገርም።

በምትኩ የሚመከረው የሥነ ልቦና የመጀመሪያ እርዳታ ነው፤ ማየት፣ ማዳመጥ፣ ማገናኘት። ማን ተጨንቋል፣ ምን ያስፈልገዋል ብሎ ማየት፣ የሚናገር ካለ ሳያቋርጡ ማዳመጥ፣ ከቤተሰቡ፣ ከሕክምና ወይም ከሚያስፈልገው ነገር ጋር ማገናኘት። ባለሙያ መሆን አያሻም። ላይ የጠቀስናቸው 15 ደቂቃና ሦስት ጥሪዎችም የተቀመሩት ከዚሁ ነው።

አስከሬን ማውጣት ካለብን?

የሚያስፈልገው ሰው ብቻ ይግባ። አራት ሰው የሚያነሳውን አስከሬን አሥር ሰው ከቦ እንዲያይ መፍቀድ ስድስት ሰው በከንቱ መጉዳት ነው። ዕድሜው ከ18 በታች የሆነ፣ ሟቹን የሚያውቅ፣ በቅርብ ሐዘን ላይ የነበረ ሰው ይቅር። ይህ ፈሪ ማለት አይደለም፤ አስተባባሪው «አንተ በር ላይ ሰው መልስ» ብሎ ሌላ ሥራ ይስጠው።

የሚገቡት ከመግባታቸው በፊት ምን እንደሚያዩ በአጭሩ ይነገራቸው፦ «አንድ ትልቅ ሰው ነው፣ በጣም ተቃጥሏል፣ በሩ አጠገብ ነው።» ያልተጠበቀ ነገር ከተጠበቀው በላይ አእምሮ ውስጥ ይቀራል። ጓንት ይደረግ፤ አንሶላ ወይም ፕላስቲክ ይዘጋጅና መጀመሪያ ይሸፈን፣ ከዚያ ይነሳ። ፊትና እጅ ላይ ዓይን አይቆይ፤ ትኩረቱ የሚይዙት ጫፍና የሚረግጡት መሬት ላይ ይሁን። «ይቺ ምስኪን ልጆቿን እያሰበች ይሆን» ዓይነት ወሬ በሥራ ላይ አይነሳ። ለሟች የሚታሰበው ሥራው አልቆ ነው።

የሟች ንብረት የተለየ ጥንቃቄ ይፈልጋል። ኪስ ውስጥ ስልክ ይጮሃል፤ ስክሪኑ ላይ «እማዬ» ይላል። ለዓመታት ከአእምሮ የማይጠፋው ብዙ ጊዜ ቃጠሎው ሳይሆን ይህ ነው። ስልኩን አያንሱ፣ ስክሪኑን ወደ ታች አዙረው ለፖሊስ ያስረክቡ። መታወቂያና ፎቶ ማየት ያለበት አንድ ሰው ብቻ ነው፤ እሱም የፖሊስ ሥራ ነው።

ጓደኛዬ ዝም ብሏል። ምን ልበለው?

«አይዞህ» ይበሉት። ይህ ቃል እንደ ተራ ነገር ይታያል እንጂ ሥራ ይሠራል፤ «አብሬህ አለሁ» ማለት ነው፣ መልስም አይጠይቅም። «እርሳው» ግን አይበሉት። መርሳት በትእዛዝ አይመጣም። አትርሳ የተባለ ያህል ያስበውና በዚያ ላይ መርሳት ባለመቻሉ ራሱን ይወቅሳል። «ወንድ ልጅ አይደለህ እንዴ?» ደግሞ በሩን የሚዘጋ ንግግር ነው። «ከዚህ የባሰም አለ»፣ «ዕድሏ ነው»፣ «እግዜር ያመጣው ነው» የሚሉትም፣ እሱ ራሱ ካላለው በቀር፣ ከእርስዎ አፍ አይውጡ።

ዝም ካለ አብረውት ዝም ይበሉ። ቱቦ ማጠብ፣ መኪና ማጽዳት፣ ወንበር መመለስ ይኑር፤ ሰው እጁ ሥራ ሲይዝ ይናገራል።

እንቅልፍ እንዲወስደኝ ትንሽ ብጠጣ ምን አለበት? ጫትስ?

አረቄው ያስተኛል፤ ከሌሊቱ 8 እና 9 ሰዓት ላይ ደግሞ ይቀሰቅሳል። ያ ነው ቅዠቱ የሚበረታበት ሰዓት። በማግስቱ ደክመው ይውላሉ፣ ማታ መጠኑ ይጨምራል። ጫቱ በተቃራኒው እንቅልፉን ይነጥቃል፤ ምርቃናው ሲወርድ ደግሞ ድብርት ይመጣል፣ እሱን ለማውረድ ጨብሲ ይከተላል። ከሰው ጋር ተቀምጦ መጨዋወቱ ራሱ ጥሩ ነበር፤ የሚጎዳው አብሮት የሚመጣው ነው። ቢያንስ በመጀመሪያው ወር ሁለቱም ይቅሩ፣ ጨዋታው ይቀጥል።

ከፋርማሲ በጓደኛ የሚገኝ ዳያዜፓምም አይጠቅምም። የዓለም ጤና ድርጅት ከአሰቃቂ አደጋ በኋላ ባለው የመጀመሪያ ወር ለድንጋጤ ምልክቶች እንዲህ ያለ መድኃኒት እንዳይሰጥ ይመክራል። ማገገሙን አያፋጥንም፣ ሱስም ያስይዛል።

የሚሠራው ተራ ነገር ነው፦ በተመሳሳይ ሰዓት መነሳት (እንቅልፍ ባይኖርም)፣ በቀን ውስጥ ግማሽ ሰዓት በእግር መሄድ፣ ከመኝታ በፊት ስልክ ማራቅ። ቅዠት ሲቀሰቅስዎ መብራት ያብሩ፣ እግርዎን ቀዝቃዛ ወለል ላይ ያሳርፉ፣ ውሃ ይጠጡ፣ የዛሬውን ቀንና ያሉበትን ቤት ጮክ ብለው ይናገሩ። 20 ደቂቃ ካለፈና እንቅልፍ ካልመጣ አልጋው ላይ አይገላበጡ፤ ተነስተው ወንበር ላይ ይቀመጡ።

ቀን ቀንም ነገሩ ድንገት ዓይኔ ላይ ይመጣል።

ሐሳብዎን ወዳሉበት ክፍል ይመልሱ። የሚያዩትን አምስት ነገር በስማቸው ይጥሩ፤ ጀበና፣ መስኮት፣ ወንበር፣ ጫማ፣ ካሌንደር። የሚነኩትን አራት ነገር ይዳስሱ። የሚሰሙትን ሦስት ድምፅ ይለዩ። ከዚያ በአፍንጫ እስከ 4 እየቆጠሩ ይሳቡ፣ በአፍ እስከ 6 እየቆጠሩ ያውጡ፤ ለ5 ደቂቃ። ማውጣቱ ከመሳቡ ሊረዝም ይገባል፤ ልብን የሚያረግበው እሱ ነው። መኪና ወይም ባጃጅ እየነዱ ከሆነ መጀመሪያ ዳር ይያዙ።

መቼ ነው ሐኪም ጋ የምሄደው? የትስ?

ወሩ ሲሞላ በደብተሩ ላይ ላለ ሰው ሁሉ አምስት ጥያቄ ይጠየቅ። ባለፈው አንድ ወር ውስጥ፦ ስለ አደጋው ቅዠት ወይም ሳይፈልጉ የሚመጣ ሐሳብ ነበረብዎ? ላለማሰብ ብለው ወይም ቦታውን ላለማየት ሲታገሉ፣ ሲሸሹ ነበር? ሁልጊዜ በተጠንቀቅ፣ በቀላሉ የሚበረግጉ ሆነዋል? ከሰው፣ ከሥራ፣ ከአካባቢዎ የራቁ፣ የደነዘዙ ሆነው ይሰማዎታል? በሆነው ነገር ራስዎን ወይም ሌላውን መውቀስ ማቆም አልቻሉም? ሦስትና ከዚያ በላይ «አዎ» ካለ ሐኪም ይየው። ይህ ምርመራ አይደለም፤ ለሐኪም የሚያደርስ ወንፊት ነው።

ወር የማይጠበቅባቸውም አሉ። ስለ መሞት የሚያወራ ወይም ዕቃውን ለሰው የሚያከፋፍል፣ የሌለ ድምፅ የሚሰማ፣ ለቀናት ያልበላና ያልተኛ፣ በመጠጥ ወይም በቁጣ ቤተሰቡን አደጋ ላይ የጣለ። ይህ ሰው በዚያው ቀን ብቻውን ሳይሆን ከሰው ጋር ሆስፒታል ይሂድ። «ራስህን ልታጠፋ አስበሃል ወይ?» ብሎ በግልጽ መጠየቅ ሐሳቡን አያስጀምርም፤ ይልቁንም ለመናገር በር ይከፍታል።

መነሻው ጤና ጣቢያ ነው። ከዚያ ወደ አዳማ ሆስፒታል ሜዲካል ኮሌጅ፣ ካስፈለገም 100 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ አዲስ አበባ ወደሚገኘው አማኑኤል የአእምሮ ስፔሻላይዝድ ሆስፒታል በሪፈር ይኬዳል። የማኅበረሰብ ጤና መድህን ያለው ሰው የሪፈር ወረቀቱን ካልያዘ ከኪሱ ሊከፍል ይችላል።

ሐኪሙ ፊት የሚሠራው ትልቁ ስህተት «ጨጓራዬን ያመኛል፣ እንቅልፍ እምቢ አለኝ» ብሎ ማቆም ነው። እንዲህ ያለ ሰው የጨጓራና የእንቅልፍ መድኃኒት ይዞ ይወጣል። መጀመሪያ ይህን ይበሉ፦ «በዚህ ቀን ሰው የሞተበት ቃጠሎ ላይ ነበርኩ። ይህ ሁሉ የጀመረኝ ከዚያ ወዲህ ነው።» ሁለቱ ዓረፍተ ነገሮች የምርመራውን አቅጣጫ ይቀይሩታል።

ሕክምናው ምንድን ነው? መድኃኒት ነው?

ቀዳሚው የንግግር ሕክምና ነው፤ ብዙ ጊዜ ከ8 እስከ 12 ቀጠሮ ይወስዳል። ባለሙያው ሰውየው የሸሸውን ትዝታ በልክ በልኩ እንዲያስበውና «ጥፋቱ የእኔ ነው» የሚለውን ሐሳብ እንዲፈትሽ ይረዳዋል። ከማስተረኩ የሚለየው በጊዜው፣ በፈቃድ፣ በሠለጠነ ሰውና በተከታታይ መሰጠቱ ነው። መድኃኒት ከታዘዘ በብዛት እንደ ፍሉኦክሴቲን ወይም ሰርትራሊን ያለ ነው። ለውጡ ለመታየት ከ2 እስከ 6 ሳምንት ስለሚፈጅ በ5ኛው ቀን «አልሠራልኝም» ብሎ መተው፣ ሲሻለኝ ብሎም በድንገት ማቋረጥ የተለመደ ስህተት ነው።

ጸበል ወይም ዱዓ ይበቃኛል?

ከሕክምናው ጋር አይጣላም። ቄሱም ሼኹም ብዙ ጊዜ ከሐኪም በፊት የሚሰሙ ሰዎች ናቸው፤ ለሟቹ በሚደረገው ጸሎት ላይ መገኘትም ብዙ በጎ ፈቃደኞችን ያሳርፋል። የታዘዘ መድኃኒት ግን «ጸበል ላይ ነኝ» ተብሎ አይቋረጥ።

ቪዲዮው በቴሌግራም እየዞረ ነው። «ዘግይተው ነው የመጡት» ይሉናል።

ከእሳቱ ይልቅ ይህ ያቆሰላቸው አሉ። ቪዲዮውን አይክፈቱ፤ ያዩትን በሌላ ሰው ካሜራ ደግመው ማየት ቁስሉን ማደስ ነው። ቴሌግራም ላይ ፎቶና ቪዲዮ በራሱ እንዳይወርድ ማስተካከያው ውስጥ ገብተው ያጥፉ፤ አለዚያ ሳይፈልጉት ጋለሪዎ ውስጥ ተቀምጦ ያገኙታል። የበጎ ፈቃደኞች ግሩፕ ላይ የሟች ምስል መለጠፍ የተከለከለ ይሁን። የለጠፈውን አስተባባሪው በውስጥ መስመር ይንገረው እንጂ በአደባባይ አያዋርደው፤ እሱም ያየውን የሚያደርግበት አጥቶ ይሆናል።

ለወቀሳው መልስ የሚሆነው ሰዓት ነው። ጥሪ የተሰማበት፣ የተነሱበት፣ የደረሱበትና ውሃ የተረጨበት ደቂቃ ደብተሩ የመጀመሪያ መስመር ላይ ይጻፍ። አስተያየት መስጫው ሥር ገብቶ ለመከራከር አይደለም። ከሳምንት በኋላ ልጁ «እውነትም ዘግይተን ነበር?» ብሎ ሲጠይቅ ገልጦ ለማሳየት ነው።

ቤት ውስጥ ምን ልበል? ልጆቼ ይጠይቁኛል።

ለባለቤትዎ ዝርዝሩ ሳይሆን ሁኔታው ይነገራት፦ «ከባድ ነገር አይቻለሁ፣ ጥቂት ቀን ዝም ልል እችላለሁ፣ ከአንቺ ጋር የተያያዘ አይደለም።» ይህን ያልሰማች ሴት ዝምታውን በሌላ ትተረጉመዋለች። ለልጅ፣ «ቤት ተቃጥሎ ነበር፣ አሳዘነኝ፣ አሁን ግን እሳቱ ጠፍቷል» ይበቃል።

መቼ ነው ወደ ጥሪ የምመለሰው?

እንቅልፍዎ ሲስተካከል፣ አደጋው በደረሰበት መንገድ ሲያልፉ ልብዎ የማይዘል ሲሆን፣ እርስዎም ሲፈልጉ። የመጀመሪያው ጥሪ ከሩቅ ይሁን፤ ትራፊክ ማስቆም፣ ውሃ ማቀበል፣ ደብተሩን መያዝ። ከዚያ በሁለተኛው ወይም በሦስተኛው ወደ ቱቦው። አስተባባሪዎችም ይህን እንደ ቅጣት እንዳይመስል ያድርጉት፤ ለዚህ ነው ደብተር መያዝ በየተራ ለሁሉም የሚደርስ ሥራ መሆን ያለበት። አልመለስም ያለ ሰው ስልኩ ከደብተሩ አይሰረዝ፤ የአንድ ወሩ ጥሪ ለእሱም ይደወላል።